ክሎስትሪዲየም በጋዝ አድጎ አሲድ ብቻ ይሰጠኛል፤ ኢታኖሉን እንዴት ላውጣ?

አዌቱ_ማዶ

ሰላም ለዚህ ቤት። ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን በልቶ ኢታኖል የሚሰጥ ባክቴሪያ ላይ የምትሠሩ ካላችሁ ብታዩልኝ። ቦታው ጅማ፣ ዝርያው ክሎስትሪዲየም ልዩንግዳሊ ነው።

160 ሚ.ሊ. የሚይዝ የሴረም ጠርሙስ ውስጥ 50 ሚ.ሊ. ፈሳሽ አለ። ሚዲያው (ባክቴሪያው የሚያድግበት የምግብ ፈሳሽ) በሊትር 1 ግራም አሞኒየም ክሎራይድ፣ 0.8 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ፣ 0.2 ግራም ማግኒዚየም ሰልፌት፣ 0.1 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ፣ 0.1 ግራም ፖታሲየም ፎስፌት፣ 20 ሚ.ግ. ካልሲየም ክሎራይድ፣ 1 ግራም የእርሾ ኤክስትራክት፣ 2 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው። የማዕድንና የቫይታሚን ድብልቆች እያንዳንዳቸው 10 ሚ.ሊ. ይገቡበታል። ፒኤች 5.9። ከ50ው ሚ.ሊ. ውስጥ 5ቱ ኢኖኩለም (ለዘር የሚገባ ካልቸር) ነው፤ የመጣውም በሊትር 5 ግራም ፍሩክቶስ ላይ ካደገ ካልቸር ነው። ጋዙ ተቀላቅሎ የመጣ ሲሊንደር ነው፦ 55 በመቶ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ 20 ሃይድሮጅን፣ 15 ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ቀሪው ናይትሮጅን። ጌጁ 1 ባር እስኪያነብ ይሞላና በ37 ዲግሪ፣ በደቂቃ 100 ዙር በሚነቀንቅ ሼከር ላይ ጠርሙሱ ቆሞ ይቀመጣል።

ውጤቱ፦ በ4ኛው ቀን ኢታኖል 0.25 ግራም በሊትር ነበር፤ በ7ኛው ቀን ወደ 0.1 ወረደ። አሴቲክ አሲዱ 1.9 ግራም በሊትር ደረሰ። ፒኤች 4.8 ላይ ቆመ፣ እድገቱም አብሮ ቆመ።

ኢታኖሉ ለምን እንዲህ አነሰ? ታይቶ ለምን ጠፋ? ደግሞ ከጠርሙሶቹ ጥቂቶቹ ገና በማግስቱ ይደፈርሱና የተበላሸ ቅቤ ይሸታሉ። የአውቶክሌቩ አሠራር 15 ፒኤስአይ፣ 20 ደቂቃ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ፦ እዚህ የደረቅ ቡና መፈልፈያ ባለበት ሁሉ ገለፈት ተቆልሎ ነው የሚታየው። እሱን በጋዚፋየር (በጥቂት አየር እያጋለ ወደ ጋዝ በሚለውጥ ምድጃ) ወደ ጋዝ ቀይሮ ለባክቴሪያው መስጠት ያስኬዳል?


ማኖሜትር

ባክቴሪያውን ከመውቀስ በፊት ሂሳቡን እንሥራ። ጠርሙሱ ውስጥ ከገባው ጋዝ በላይ ኢታኖል ሊወጣ አይችልምና።

6 ሞል ካርቦን ሞኖክሳይድ ከ3 ሞል ውሃ ጋር 1 ሞል ኢታኖልና 4 ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። በሃይድሮጅን በኩል ደግሞ 6 ሞል ሃይድሮጅን ከ2 ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር 1 ሞል ኢታኖል ይሰጣል። ስለዚህ ለሂሳብ ሁለቱን ጋዞች ደምሮ መቁጠር ይቻላል፤ ለአንድ ሞል ኢታኖል ከድምሩ 6፣ ለአንድ ሞል አሴቲክ አሲድ 4 ይሄዳል።

አሁን ወደ ጠርሙሱ። ባዶ ቦታው 110 ሚ.ሊ. ነው። ጌጅ የሚያነበው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው፤ ጅማ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የውጭው አየር 101 ሳይሆን 82 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። ስለዚህ የእርስዎ 1 ባር በትክክለኛ ግፊት 182 ኪሎፓስካል ነው። በክፍል ሙቀት ከተሞላ 8.1 ሚሊሞል ጋዝ ይሆናል። ከዚህ ሞኖክሳይዱ 4.5፣ ሃይድሮጅኑ 1.6፣ ድምራቸው 6.1 ሚሊሞል። ሁሉም ወደ ኢታኖል ቢሄድ እንኳ 1 ሚሊሞል፣ ማለትም 47 ሚ.ግ. ነው፤ በ50 ሚ.ሊ. ውስጥ 0.93 ግራም በሊትር። በአንድ ሙሌት ከዚህ በላይ የሚሰጥ ባክቴሪያ የለም። ጽሑፎች ላይ የሚታዩት 20 እና ከዚያ በላይ ግራም በሊትር የሚሉት ቁጥሮች ጋዝ ሳይቋረጥ ከሚፈስበት ሪአክተር የመጡ ናቸው፤ ከጠርሙስ ጋር አይነጻጸሩም።

አሁን የወጣውን እንቁጠር። 1.9 ግራም በሊትር አሴቲክ አሲድ በ50 ሚ.ሊ. ውስጥ 95 ሚ.ግ.፣ ማለትም 1.58 ሚሊሞል ነው፤ በ4 ሲባዛ 6.3። ኢታኖሉ 0.11 ሚሊሞል፣ በ6 ሲባዛ 0.65። ድምሩ 7 ገደማ ይመጣል። የገባው 6.1 ነበር! ከተሰጠው በላይ ከወጣ ትርፉ ከሌላ ቦታ መጥቷል ማለት ነው። ምንጩ ኢኖኩለሙ ነው። 5 ግራም ፍሩክቶስ የበላ ካልቸር በሊትር 4 ግራም ያህል አሴቲክ አሲድ ይዞ ይመጣል፤ አንድ አሥረኛው ሲገባ 0.4 ግራም በሊትር የተዘጋጀ አሲድ ይዞ ነው የሚጀምረው። ፍሩክቶሱ ሳያልቅ ከተወሰደም ያው ነው፣ አዲሱ ጠርሙስ ውስጥ ይጨርሰዋል። ያንን 0.4 ቀንሰው እንደገና ቢያሰሉት የተበላው ጋዝ 5.6፣ ከገባው ከ90 በመቶ በላይ ነው። ባክቴሪያዎ ሰነፍ አይደለም፤ ጋዙን ጨርሶ ቆሟል።

ይህንን ለማረጋገጥ ሁለት ተጨማሪ ጠርሙሶች ያስፈልጋሉ፦ ኢኖኩለም ገብቶበት ከላዩ ናይትሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ የተሞላ አንድ፣ ጋዝ ኖሮት ኢኖኩለም የሌለው አንድ። የመጀመሪያው ላይ የሚገኘውን አሲድ ከሁሉም ላይ ይቀንሱ። ከዚያም ካልቸሩን ያለ ፍሩክቶስ በጋዝ ላይ ቢያንስ ሁለቴ ካሻገሩ በኋላ ብቻ ቁጥር ይያዙ። ከፍሩክቶስ ወደ ጋዝ የሚደረገው የመጀመሪያ ሽግግር ለቀናት ዝም ሊል ይችላል፤ ያኔ አይጣሉት።

ግፊቱን በየቀኑ በመርፌ ጌጅ ይመዝግቡ፣ ወጪ የለውም። ሲተረጉሙት ግን ይጠንቀቁ። ሞኖክሳይዱ ወደ ኢታኖል ሲበላ በ6 ፈንታ 4 ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚመለስ ግፊቱ የሚወርደው በሲሶ ብቻ ነው። ሃይድሮጅን ሲበላ ግን ራሱም አብሮት የሚበላው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይጠፋሉ። ሞኖክሳይድ ሃይድሮጅንን የሚያነቃውን ኢንዛይም ስለሚያግድ መጀመሪያ ሞኖክሳይዱ ያልቃል፣ ሃይድሮጅኑ ይከተላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀስ ብሎ፣ ኋላ ላይ ፈጠን ብሎ የሚወርድ ግፊት ቢያዩ ጤናማ ነው።


ፈረዶክሲን

@ማኖሜትር ሂሳቡ ልክ ነው፤ ጌጅን ግን ትንሽ አገነንከው። ቴርማል ኮንዳክቲቪቲ ዲቴክተር ያለው ጂሲ (ጋዝ ክሮማቶግራፍ) ካለ የጋዙን ቅንብር በቀጥታ መለካት ይሻላል። ለማንኛውም እኔ ወደ አሲዱ ልሂድ።

ባክቴሪያው አሲድ የሚሠራው ኃይል ስለሚያገኝበት ነው። በዉድና ልዩንግዳል ስም በሚጠራው መንገድ ጋዙ ወደ አሴቲል ኮኤ (መሃል ላይ ወደሚሠራ ውሁድ) ይቀየራል፤ አሴቲል ኮኤው ወደ አሴቲክ አሲድ ሲሄድ አንድ ኤቲፒ (ሴሉ ኃይል የሚይዝበት ሞለኪውል) ይገኛል። እያደገ ያለ ሴል ኤቲፒ ስለሚፈልግ አሲድ ያመርታል። ኢታኖሉ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ የተሠራው አሲድ ተመልሶ ይገባና በኤሌክትሮን በተሞላ ፈረዶክሲን (ኤሌክትሮን ተሸካሚ ፕሮቲን) ወደ አሴታልዴሃይድ፣ ከዚያም ወደ ኢታኖል ይቀነሳል። ይህ የመጀመሪያው እርምጃ ኤቲፒ አይበላም። ስለዚህ አሲዱ ጠላት አይደለም፤ ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ ኢታኖል ነው። ሁለተኛውን ግማሽ እንዲሄድ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ሴሉ ማደጉን እንዲያቆም፣ ጋዝ ግን እንዳይጎድልበት።

የእርስዎ ጠርሙስ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። በእርሾ ኤክስትራክቱ እንደልቡ ያድጋል፤ ማደጉን ሊያቆም ሲል ጋዙ ያልቃል። በ4ኛው ቀን ታይቶ የጠፋው ኢታኖልም በዚህ ይገለጻል። ምላሹ ወደኋላም ይሄዳል፤ ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሲያልቅበት ባክቴሪያው ኢታኖሉን መልሶ ወደ አሲድ ይለውጠዋል። ተንኖ ነው የሚል ቢመጣ አይስሙት፤ በደንብ ከታሸገ ጠርሙስ ያን ያህል አይተንም።

የሚደረገው ይህ ነው። ግፊቱ ወደ ጌጅ 0.3 ባር ሳይወርድ፣ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ጋዙን ያድሱ። በላዩ ላይ መጨመር ብቻ አይበቃም፤ የተጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቦታ ይይዛል። በቫኪዩም አውጥቶ መሙላት፣ ወይም በአንድ መርፌ እያስገቡ በሌላው ለ2 እና 3 ደቂቃ እያስወጡ ማጠብ ያስፈልጋል፤ የሚወጣው ጋዝ በቱቦ ወደ ጭስ ማውጫው ሁድ ይሂድ። በሁለተኛው ሽግግር የእርሾ ኤክስትራክቱን ወደ 0.5፣ በሚቀጥለው ወደ 0.1 ግራም በሊትር ያውርዱ። በአንዴ ከ1 ወደ ዜሮ መዝለል ካልቸሩን ያስተኛዋል። ጠርሙሱን ደግሞ አያቁሙት፣ ያጋድሙት። የፈሳሹ ገጽ በብዙ ይሰፋል፤ በደቂቃ 150 ዙር ቢያደርጉት ደግሞ የበለጠ ጋዝ ይገባል። የጋዝ ፈርመንቴሽን ግማሽ ችግሩ ጋዝን ውሃ ውስጥ ማስገባት ነው። በ37 ዲግሪ ንጹህ ሞኖክሳይድ በ1 አትሞስፌር እንኳ ከ0.8 ሚሊሞል በሊትር ብዙም አይሟሟም።

ማዕድኑ ላይ አንድ ነገር ያረጋግጡ፦ ተንግስተን አለ? አሲዱን ወደ አሴታልዴሃይድ የሚቀንሰው ኢንዛይም ያለ ተንግስተን አይሠራም። በተጠናቀቀው ሚዲያ ውስጥ 0.2 ሚ.ግ. በሊትር ሶዲየም ተንግስቴት የተለመደ ነው። ለሌሎች ባክቴሪያዎች የተዘጋጀ የማዕድን ድብልቅ ከተጠቀሙ ተንግስተን ላይኖረው ይችላል፣ ያኔ አሲድ ብቻ ነው የሚያገኙት። ኒኬሉ ሞኖክሳይዱን ለሚያነሳው ኢንዛይም፣ ኮባልቱ ሜቲሉን ለሚያሻግረው ፕሮቲን፣ ሴሌኒየሙ ለፎርሜት ኢንዛይሙ ነው፤ ከአንዱም አይታለፍም። ድብልቁን ሲያዘጋጁ ናይትሪሎትራይአሴቲክ አሲዱን በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ፒኤች 6 እስከ 6.5 አድርሰው ያሟሙት፣ ብረቶቹ ከዚያ በኋላ ይግቡ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ግማሹ ታች ይዘቅጣል፤ ጠርሙሱ ውስጥ የሚገባውም ከላይ ያለው ባዶ ውሃ ይሆናል።

ስለ ፒኤች፦ ዝቅ ማለቱ ኢታኖልን ይገፋፋል የሚለው እውነት ነው፤ ግን ልክ አለው። አሴቲክ አሲድ ሴሉን የሚጎዳው ሃይድሮጅኑን ሳይለቅ ሲቀር ነው፤ ያኔ በሽፋኑ አልፎ ይገባል። በፒኤች 5.9 ከአሲዱ 7 በመቶው ብቻ ነው እንዲህ ያለው። በ5.0 ወደ 37 በመቶ፣ በ4.5 ወደ 65 በመቶ ይደርሳል። እድገቱ ሳያልቅ ፒኤች ቶሎ ከወደቀ ሴሉ አሲዱን ወደ ኢታኖል ሳይለውጥ ይሞታል። ሪአክተር ላይ ከሆነ በ5.8 እና 5.9 አሳድጎ፣ ከዚያ በሰዓታት ልዩነት በ0.1 በ0.1 ወደ 5.0 አካባቢ ማውረድ ነው። በጠርሙስ ይህ ስለማይቻል በሊትር 10 ግራም ኤምኢኤስ በፈር ጨምሮ ውድቀቱን ማዘግየት ይሻላል።


ቡቲል_ጎማ

እኔ የምመልሰው ስለ ቅቤ ሽታው ነው። ይህ ዝርያ ቢውቲሪክ አሲድ አይሠራም። ያ ሽታ ካለ ሌላ ክሎስትሪዲየም ገብቷል፤ እነዚያ ጠርሙሶች ይጣሉ፣ ከእነሱ የተሻገረም ሁሉ ይጣል። በማግስቱ መደፍረሱ ራሱ ምልክት ነው፤ ጋዝ ላይ ያለ ካልቸር እንዲያ አይፈጥንም። የገባው ባዕድ ባክቴሪያ የእርሾ ኤክስትራክቱንና የተረፈውን ፍሩክቶስ እየበላ ነው።

ምንጩን ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። 15 ፒኤስአይ 121 ዲግሪ የሚሰጠው በባሕር ጠለል ላይ ነው። እዚያ ላይ የጌጁ 103 ኪሎፓስካል በአየሩ 101 ላይ ተደምሮ 204 ይሆናል። ጅማ ላይ 103 እና 82 ሲደመር 185 ነው፤ የ185 ኪሎፓስካል እንፋሎት ደግሞ 118 ዲግሪ ነው። ለተራ ባክቴሪያ ይበቃ ይሆናል፤ ለክሎስትሪዲየም ስፖር (ሙቀት ለሚቋቋመው የባክቴሪያው ዘር) ግን ክፍተት ነው። ጌጁን ወደ 18 ፒኤስአይ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። የደኅንነት ቫልቩ ያን የማይፈቅድ ከሆነ ቫልቩን አይንኩት፣ ጊዜውን ያርዝሙት። ሦስት ዲግሪ ዝቅ ሲል የሚያስፈልገው ጊዜ በግምት እጥፍ ይሆናል፤ 20 የነበረው 40 ደቂቃ ይሁን። ውስጡ የሚገባ ቴርሞሜትር ወይም የስፖር መፈተሻ አምፑል ካለ ከጌጁ ይልቅ እሱን ይመኑ። ከእሳት ላይ የሚቀመጠው ዓይነት ከሆነ እንፋሎቱ ለ10 ደቂቃ በደንብ ወጥቶ አየሩ ሳይጠረግ ቫልቩን መዝጋት ጌጁን ሐሰተኛ ያደርገዋል።

ሚዲያው ሲዘጋጅ የነገሮች ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። ፍሩክቶስ ለብቻው፣ ቫይታሚን በ0.2 ማይክሮን ፊልተር፣ ሲስቲንና ሶዲየም ሰልፋይድ ከአውቶክሌቭ በኋላ በሲሪንጅ ይግቡ። ሌላውን ካፈሉ በኋላ (ውሃ ጅማ ላይ 94 ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው፣ ኦክስጅኑን ለማስወጣት ትንሽ ረዘም ይፍላ) 80 በመቶ ናይትሮጅንና 20 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለው ጋዝ እየነፉ ያቀዝቅዙ። ባይካርቦኔት ያለበትን ሚዲያ በንጹህ ናይትሮጅን ብቻ የሚነፋ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ጠርጎ ያወጣና ፒኤችው ወደ 8 ይወጣበታል። ካልሲየምና ፎስፌቱም ነጭ ሆኖ ይዘቅጣል። ከአውቶክሌቭ የወጣው ጠርሙስ ግርጌው ላይ ነጭ ዱቄት ካለ ምክንያቱ ይህ ነው።

ሬዛዙሪን (ኦክስጅን መኖሩን በቀለሙ የሚያሳይ ማቅለሚያ) ይጨምሩ፤ 1 ሚ.ግ. በሊትር። ሰማያዊው መጀመሪያ ሐምራዊ ሮዝ ይሆናል፣ ከዚያ ቀለሙ ይጠፋል። ሲስቲኑና ሰልፋይዱ እያንዳንዳቸው 0.3 ግራም በሊትር ገብተው በ30 ደቂቃ ውስጥ ቀለሙ ካልጠፋ ሰልፋይዱ አርጅቷል ማለት ነው፤ የሰልፋይዱ ክሪስታል ላዩ ነጭ ዱቄት ከለበሰ ያንን በውሃ አጥቦ ከሥሩ ያለውን መስታወት የመሰለ ክፍል መመዘን ነው። ጠርቶ የነበረ ጠርሙስ በማግስቱ ሮዝ ከሆነ አየር እየገባበት ነው። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስቶፐሩ ነው። ወፍራም ቡቲል ጎማ መሆን አለበት፤ ሲሊኮን ኦክስጅንን እንደ ወንፊት ያሳልፋል። አንድ ቦታ ደጋግመው አይውጉት፣ ቀጭን መርፌ ይጠቀሙ። የአሉሚኒየም ክዳኑ በጣት ሲዞር የሚሽከረከር ከሆነ ክሪምፑ አልጠበቀም።

ስለ ደኅንነት አጭር ነገር፣ ማንም ስላላነሳው። አንዱ ጠርሙስ ቢሰበር 30 ሜትር ኩብ ክፍል ውስጥ የሚጨምረው ሞኖክሳይድ 5 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 5 እጅ) እንኳ አይሞላም። አደጋው ሲሊንደሩና በቱቦ የሚወጣው ጋዝ ነው። በደቂቃ 100 ሚ.ሊ. የሚፈስ የእርስዎ ድብልቅ ባልተናፈሰ 30 ሜትር ኩብ ክፍል ውስጥ በሰዓት 110 ፒፒኤም ይጨምራል። በ35 ፒፒኤም የሚጮህ ማንቂያ ሳይኖር ሲሊንደሩ አይከፈት፤ 1,200 ፒፒኤም ወዲያውኑ ለሕይወት አስጊ የሚባለው ደረጃ ነው። መብራት ሲጠፋ ሁዱም ይቆማል፣ ጋዙ ግን ይቀጥላል። ስለዚህ መስመሩ ላይ ኃይል ሲቋረጥ ራሱ የሚዘጋ ሶሌኖይድ ቫልቭ መግባት አለበት። ማንቂያው በባትሪ ይሁን።


ጭስ_ማጣሪያ

የገለፈቱ ጥያቄ የተለየ መልስ ይፈልጋል። ይቻላል፤ ግን ሥራው ከባክቴሪያው ይልቅ ማጣሪያው ላይ ነው።

በአየር የሚሠራ ጋዚፋየር የሚያወጣው ጋዝ ግማሹ ናይትሮጅን ነው። ሞኖክሳይዱ ከ15 እስከ 20 በመቶ፣ ሃይድሮጅኑ ከ10 እስከ 18፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ10 እስከ 15፣ ሜቴን ጥቂት። ከሲሊንደሩ ጋር ያለውን ልዩነት በቁጥር እንየው። ጋዙን በሰዓት 100 ጊዜ ያህል የማስተላለፍ አቅም ያለው፣ ማለትም ኬኤልኤው በሰዓት 100 የሆነ ደህና ሪአክተር ይኑርዎት። 55 በመቶ ሞኖክሳይድ ጅማ ባለው ግፊት ቢገባበት፣ የሟሟውን ሁሉ ባክቴሪያው ወዲያው ቢበላው፣ ሞኖክሳይዱ ብቻ ከ6 እስከ 6.5 ግራም ኢታኖል በሊትር በቀን ይሰጣል። 18 በመቶ ሲሆን ወደ 2 ግራም ይወርዳል። ሪአክተሩን በጌጅ 1 ባር ማስጨነቅ ሁለቱንም በ2.2 ያበዛዋል፤ በገለፈቱ ጋዝ ግን ግማሹን የመጭመቂያ ጉልበት ለናይትሮጅን እየከፈሉ ነው። የብረት ፋብሪካዎች ቀድመው የገቡበት ምክንያትም ይኸው ነው። ከብረት ማቅለጫ ምድጃ የሚወጣው ጋዝ በሞኖክሳይድ የበለጸገ ነው፣ አለዚያም ይቃጠል ነበር። በ2005 ኒውዚላንድ ውስጥ የተመሠረተው ላንዛቴክ የመጀመሪያውን የንግድ ፋብሪካ በ2018 ቻይና ውስጥ ከብረት ፋብሪካ ጎን ያስጀመረው፣ ቀጥሎም ቤልጂየም ጌንት ውስጥ በአርሴሎርሚታል ግቢ የተተከለው በዚህ ስሌት ነው። እነሱ የሚጠቀሙት የእርስዎን ዝርያ የቅርብ ዘመድ፣ ክሎስትሪዲየም ኦቶኢታኖጅነምን ነው። ይኸኛው ከጥንቸል ፋንድያ፣ የእርስዎ ከዶሮ ግቢ ቆሻሻ የተገኙ ናቸው፤ ዘመናዊ ኢንዱስትሪ የቆመው በእነዚህ ነው እንግዲህ።

ከዕፅዋት ጋዝ የጀመረው ግን ሌላ ነገር ገጠመው። ፍሎሪዳ፣ ቬሮ ቢች ላይ ኢኒዮስ ባዮ በ2013 ከእንጨትና ከአትክልት ቆሻሻ ጋዝ ኢታኖል ማምረት መጀመሩን አስታውቆ ነበር። ጋዙ ውስጥ የነበረ ጥቂት ሃይድሮጅን ሳያናይድ ባክቴሪያውን መርዞበት ማጣሪያ መጨመር ግድ ሆነበት፤ ፋብሪካው በ2016 መጨረሻ ላይ ተዘጋ። ሳያናይድ ሞኖክሳይዱን የሚያነሳውን ኢንዛይም በቀጥታ ነው የሚያስረው። ይህ ለእናንተ ለምን ያሳስባል? የቡና ገለፈት ከእንጨት ይልቅ ናይትሮጅን ይበዛዋል፤ ጋዚፋየር ውስጥ ያ ናይትሮጅን ከፊሉ አሞኒያ፣ ከፊሉ ሳያናይድ ሆኖ ይወጣል።

ሳያናይድን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ማጠብ የሚል ምክር በየመጽሐፉ አለ። ሂሳቡን ያዩ ግን አይሞክሩትም፦ ጅማ ላይ 1 ሜትር ኩብ ጋዝ 33 ሞል ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 12 በመቶ ቢሆን 4 ሞል። እሱ ሁሉ ወደ ካርቦኔት ሲቀየር 320 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይበላል፣ ያውም ለአንድ ሜትር ኩብ። ለሙከራ ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ወደታች እየወረደ ጋዙ ወደላይ በሚወጣበት ማማ ማጠብ፣ ከዚያ አክቲቬትድ ካርቦን ይሻላል። ሳያናይድ ውሃ ውስጥ በደንብ ይሟሟል፤ ዋናው ነገር ውሃው ደጋግሞ እንዳይዞር ነው። ያ ውሃ ደግሞ ታርም (ከጋዙ ጋር የሚወጣ ሬንጅ መሰል ዝቃጭ) ሳያናይድም ስለያዘ በምንም ዓይነት ወደ አዌቱ ወንዝም ሆነ ወደ ቦይ እንዳይፈስ፤ ተጠራቅሞ ይታከም።

የመስመሩ ቅደም ተከተል፦ ሳይክሎን ለአመዱ፣ ማቀዝቀዣ፣ የውሃ ማማ፣ የሰጋቱራ ማጣሪያ ለታሩ፣ አክቲቬትድ ካርቦን፣ መጨረሻ ላይ 0.2 ማይክሮን ፊልተር። ታሩ ቀድሞ ካልወጣ ካርቦኑን በአንድ ቀን ይደፍነዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላም የሚቀር ኦክስጅን ይኖራል፤ ጋዚፋየሩ መገጣጠሚያው ላይ አየር ከሳበ በተለይ። እሱን የሚያወጣው የጋለ የመዳብ ካታሊስት ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድና አሴቲሊን የሃይድሮጅኑን ኢንዛይም ስለሚያግዱ ሞኖክሳይዱ እየተበላ ሃይድሮጅኑ ብቻ ሳይነካ የሚቀር ከሆነ እነሱን ይጠርጥሩ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድን ግን እነዚህ ባክቴሪያዎች ይታገሱታል፤ እሱን ለማውጣት አይድከሙ።

ምድጃው ራሱም ያስቸግራል። ገለፈት ቀላል ስለሆነ ታች ወራጅ ጋዚፋየር ውስጥ ድልድይ ሠርቶ ይቆማል፤ ሳይወርድ ከታች ይቃጠላል፣ ከዚያ በድንገት ይናዳል፣ የጋዙ ቅንብርም በየደቂቃው ይዋዥቃል። አመዱ ደግሞ ፖታሲየም ስለሚበዛበት በዝቅተኛ ሙቀት ቀልጦ ፍርግርጉ ላይ ድንጋይ ይሆናል። በብሪኬት መልክ መጭመቅ ወይም ከባሕር ዛፍ ስንጥር ጋር መቀላቀል ሁለቱንም ይቀንሳል።

ስለዚህ ባክቴሪያውን ከጋዚፋየሩ ጋር በቀጥታ አያገናኙ። የታጠበውን ጋዝ በጋዝ ከረጢት ይያዙ፤ ከዚያ ጠርሙሶቹ ውስጥ ከሲሊንደሩ ጋዝ ጋር 10፣ 25፣ 50 በመቶ አድርገው ይቀላቅሉ። 10 በመቶው ላይ ቆሞ ከቀረ መርዝ አለ ማለት ነው። 50 በመቶው ቀስ ብሎ ከሠራ ግን ያነሰው ሞኖክሳይዱ ነው።


አዌቱ_ማዶ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የማዕድን ድብልቁን መለያ አየሁት፤ ተንግስተን የለበትም። አንድ የቀረችኝ፦ ማንቂያው እስኪገኝ ድረስ ሞኖክሳይዱን ትቼ በሃይድሮጅንና በካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ብለማመድስ?


ፈረዶክሲን

ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ይለማመዱበት፣ በኢታኖሉ ግን አይፍረዱ። 80 በመቶ ሃይድሮጅንና 20 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተለመደው ድብልቅ ነው። ባክቴሪያው ከሃይድሮጅን የሚያገኘው ኃይል ከሞኖክሳይድ ከሚያገኘው በጣም ያነሰ ነው፤ ለአንድ ሞል ኢታኖል ከ100 ኪሎጁል በታች፣ በሞኖክሳይድ ግን ከ200 በላይ። ስለዚህ እድገቱ ቀጭን ይሆናል፣ ምርቱም ወደ አሲድ ያደላል። ሃይድሮጅኑም ከ4 በመቶ በላይ አየር ውስጥ ሲገባ እንደሚቀጣጠል አይርሱ፤ የቡንሰን ምድጃ አጠገቡ አይለኮስ። ፒኤችና ግፊት መለካቱን፣ መርፌ ማስገባቱን፣ ጋዝ ማደሱን ግን በሚገባ ያስተምራል።


ማኖሜትር

አንድ ነገር ልጨምር፣ የ0.25 እና የ0.1 ልዩነት እንዲህ ባለ ትንሽ ቁጥር ላይ ናሙና አያያዝም ስለሚያዛባው። 1 ሚ.ሊ. አውጥተው ወዲያው በ10,000 ዙር ለ5 ደቂቃ ሴንትሪፉጅ ያድርጉት፣ ላዩን በ0.2 ማይክሮን አጣሩት፣ ቫያሉን እስከ አፉ ሞልተው ይዝጉና ፍሪጅ ያስገቡት። ሴሉ ያልወጣለት ናሙና ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን ኢታኖሉን መብላቱን ይቀጥላል፤ ግማሽ የሞላ ቫያል ደግሞ ኢታኖሉን ወደ ባዶው ቦታ ይሰጣል። ጂሲው ላይ 0.05፣ 0.1፣ 0.25፣ 0.5 እና 1 ግራም በሊትር ስታንዳርዶች በዚያው ሚዲያ ውስጥ አዘጋጅተው ይስጡት፤ በውሃ የተሠራ ስታንዳርድ ከሚዲያው ጋር አንድ ዓይነት ፒክ አይሰጥም።